ከባሕር ወደ ዱር

እኔ የጉዞ ፕሮግራም አውጪ ነኝ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ የሌላ ሰው ዕረፍት ስደረድር ኖሬያለሁ፤ እኔ ራሴ ዝሆን ያየሁት ቢሮው ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ፖስተር ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ «እሾህ» ይሉኛል። ስሙን ያወጣልኝ ሥራ አስኪያጁ ነው፤ ፕሮግራሜ ላይ እጁን ያስገባውን ሁሉ ስለምወጋ ነው አሉ። ይበሉ፣ እኔም አልጠላሁትም።

ብዙ የምሸጠው «አንበሳና ዓሣ» የምንለውን ነው። ዐሥር ቀን ነው፤ ግማሹ ሳፋሪ፣ ግማሹ ባሕር ውስጥ መጥለቅ። ሰው መቼም ሁሉን ባንዴ ካላገኘሁ ይላል፤ ጠዋት አንበሳ አይቶ ከሰዓት ዓሣ መሃል መዋኘት ያምረዋል። የዚህ ጉዞ ሕግ ግን አንድ ነው፤ ሰው ከዱር ወደ ባሕር ይሄዳል እንጂ ከባሕር ወደ ዱር አይሄድም። መጀመሪያ አውሬውን፣ ቀጥሎ ባሕሩን፣ መጨረሻ ላይ አንድ ሙሉ ቀን አሸዋ ላይ ተጋድሞ መዋል፣ ከዚያ ወደ ቤት። ምክንያቱም ጠልቆ የቆየ ሰው ደሙ ውስጥ አየር ይጠራቀማል። የለስላሳ ጠርሙስ ክዳኑ እስካልተከፈተ ድረስ ውስጡ ጸጥ ያለ ነው፤ ሲከፈት ነው የሚገነፍለው። ሰውም ከውሃ ወጥቶ ሃያ አራት ሰዓት ሳይሞላው አውሮፕላን ላይ ከወጣ ክዳኑ ተከፈተ ማለት ነው። ወይ ይሞታል፣ ወይ አካሉ ይቀራል። ይሄን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከወንድሜ እግር ነው።

ወንድሜ ጠላቂ አስጎብኚ ነበር። ታናሼ ነው፤ እናታችን ስትሞት ዘጠኝ ዓመቱ ስለነበር ያሳደግኩት እኔ ነኝ ማለት እችላለሁ። ቤት ውስጥ «ጉማሬ» ነው የምንለው። ልጅ ሆኖ የልብስ ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ ጭንቅላቱን ነክሮ ትንፋሹን ይይዛል፤ እስክንጮህበት ድረስ አይወጣም። አድጎ ይኸው ነገር እንጀራው ሆነ፤ ሥራ ቦታም በዚሁ ስም ይጠሩት ጀመር።

የቀጠረውን ሰውዬ ስም በአፌ አልጠራውም። እኔና ወንድሜ «ዲስኩር» ነው የምንለው፤ ሁለት ሰው በቆመበት ሁሉ ንግግር ስለሚያደርግ። ባሕሩ ዳር የመጥለቂያ ድርጅት ነበረው፣ ዱሩ ውስጥ ደግሞ ሎጅ። በመሃላቸው ትንሽ አውሮፕላን ትመላለሳለች። ነገሩ ከሆነ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ወንድሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከእንግዶች ጋር ጠለቀ፣ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ጠለቀ፣ ስድስት ሰዓት ላይም ጠለቀ። ሦስተኛውን ጨርሶ ልብሱን ሳያወልቅ ዲስኩር መጣና «ሎጁ ላይ ያለው አስጎብኚ ታሟል፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንተ ትበራለህ» አለው። ወንድሜም «ጌታው፣ ዛሬ ሦስቴ ጠልቄያለሁ፤ እስከ ነገ መብረር አልችልም» አለ። ዲስኩር ሳቀ። «አንተ ጉማሬ አይደለህ እንዴ? ጉማሬ እኮ የውሃም የየብስም ነው። ካልሄድክ ነገም አትምጣ» አለው።

ሄደ። ለምን ሄደ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ እኔም ጠይቄ ጠይቄ ደክሞኛል። ሥራ ፈትቶ ቤት የዋለ ሰው ያውቀዋል። አውሮፕላኗ ላይ አርባ ደቂቃ ሳይሞላው እግሩ ይደነዝዝ ጀመር። ሎጁ ተራራ ላይ ነው። እንግዶቹ በረንዳ ላይ ቆመው ዝሆን ሲቆጥሩ እሱ የሻንጣ ማስቀመጫው ክፍል ወለል ላይ ተዘርግቶ ነበር። ለዚህ በሽታ የሚሆነው ማከሚያ ያለው መልሶ ባሕሩ ዳር ነው፤ እንደገና መብረር ስለማይችል በመኪና የአንድ ቀን መንገድ። ሲደርስ ጊዜው አልፎ ነበር። ከወገቡ በታች ያለው አካሉ ያን ቀን እንደከዳው ቀረ።

ዲስኩር ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ምን አለ? «እኔ ነጋዴ ነኝ። ውሃ ውስጥ ያለውን ነገር አላውቅም፤ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ረጥቤ አላውቅም። እንዲህ የሚባል ሕግ መኖሩን የሰማሁት ከአደጋው በኋላ ነው። ቢነግረኝ ኖሮ እንዴት እልከዋለሁ? እንደ ልጄ ነበር የማየው።» ዓይኑንም በመሐረብ ጠረገ። ኮሚቴው አመነው። ሕጉን የሚያውቀው ባለሙያው ብቻ ነው፣ ስለዚህ ጥፋቱም የባለሙያው ነው ብለው «በራሱ ጥፋት» ብለው ጻፉ። የወንድሜንም የሥራ ፈቃድ ሰረዙት።

መቆም የማይችል ሰው የጠላቂ ፈቃድ ምን ያደርግለታል ትሉ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ብዬ ነበር። ወንድሜ ግን ያንን ውሳኔ ራስጌው አስቀምጦ ሲያነበው ይውላል። ከዓመት በኋላ አንድ ቀን፣ «እታለም፣ ምናልባት አልነገርኩትም ይሆናል» አለኝ። «በሆዴ ብዬው ይሆናል እንጂ በአፌ አላልኩትም ይሆናል።» ያን ቀን ነው ዲስኩር ላይ ጥርሴን የነከስኩበት። እግሩን መውሰዱ ሳያንሰው ትዝታውንም ወሰደበት። ከዚያ ወዲያ ወንድሜ አፉን የሚከፍተው በግድ ነው።

ኮሚቴው ፋይሉን መልሶ የሚከፍተው ውሳኔው ከተሰጠ በሦስት ዓመት ውስጥ አዲስ የጽሑፍ ማስረጃ ከመጣ ብቻ ነው። የቃል ምስክር አይቀበልም። ዲስኩር ሕጉን ከአደጋው በፊት ያውቅ እንደነበር የምታሳይ አንዲት ወረቀት ማለት ነው። ሁለት ዓመት ከዐሥር ወሩ አለፈ፣ ፈልጌ ፈልጌ አላገኘኋትም። አንድ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ግን የቢሮው በር ተከፈተና ዲስኩር ራሱ ገባ።

ኮፍያውን አውልቆ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። አላወቀኝም። ኮሚቴው ሦስት ቀን ሲሰበሰብ እኔ ከጀርባው ነበር የተቀመጥኩት፤ አንዴ እንኳ ዞር ብሎ አላየም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እኔ የማጅራቱን እጥፋት ሳይቀር አውቀዋለሁ።

«የኔ እመቤት፣» ብሎ ጀመረ፣ «እኔ ድርጅቴንም ሎጄንም ሸጬ ተገላግያለሁ። ዐሥራ አምስት ዓመት ሕዝብ ሳዝናና ኖሬ አንድ ቀን ራሴን አላዝናናሁም። አሁን ልጄ ተመርቃልኛለች። እሷ መጥለቅ ትወዳለች፣ እኔ ደግሞ አንበሳ ማየት። ሁለቱንም አንድ ላይ አድርጊልን፣ ራቅ ያለ አገር ይሁን። እኔም በዚህ ዕድሜዬ ከልጄ ጋር ልጥለቅ ብያለሁ፤ ሰው እስከ ዕለተ ሞቱ ተማሪ ነው።»

«እሺ ጌታዬ፣ ለሐሙስ አዘጋጅልዎታለሁ» አልኩት።

እዚህ ላይ የመሥሪያ ቤታችንን አንድ ልማድ ልንገራችሁ። ሥራ አስኪያጃችን መጻፍ የሚባል ነገር ሞቱ ነው። ደንበኛ ተቆጥቶ ሲመጣ ወረቀትና እስክሪብቶ ያቀርብለትና «በእጅዎ ይጻፉልኝ» ይለዋል። ከዚያ ያንኑ ወረቀት ማስጠንቀቂያው ወይም ስንብቱ ላይ ያያይዝና፣ ማኅተም መትቶ አንዱን ለሠራተኛው ይሰጣል። እኔ በዐሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ተቀብያለሁ፤ አንዷ ደንበኛ ምላሴ ምላጭ መሆኑን በሁለት ገጽ አስፍራልኛለች። ዲስኩርን ሳየው የታየኝ ይኸ ልማድ ነው። ሰውዬው የሌላ ሰው ስህተት ካየ ቆሞ ካላስተማረ ምሳው የማይፈጭለት ነው። ትልቅ ስህተት ፊቱ ባስቀምጥለትስ?

ረቡዕ ዕለት ሁለት ፕሮግራም ሠራሁ። ትክክለኛው ከዱር ወደ ባሕር ነው፤ እሱን መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት። ሁለተኛው ከባሕር ወደ ዱር። አምስተኛው ቀን ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ። ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ መጥለቅ። አራት ሰዓት ተኩል፣ መጥለቅ። ስድስት ሰዓት፣ መጥለቅ። ዘጠኝ ሰዓት፣ በትንሽ አውሮፕላን ወደ ተራራው ሎጅ። የወንድሜን ቀን እንዳለ ገለበጥኩት። አንብቦ ይቆጣል፣ ማወቁን በገዛ እጁ ይጽፋል፣ እኔ እባረራለሁ፣ ወረቀቷን ይዤ እወጣለሁ። እሾህን በእሾህ ማለት ይኼ ነው ብዬ ፕሪንት አደረግኩት።

ሐሙስ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ መጣ። ለአንዱ ስለ አመራር ጥበብ እያስተማረ ነበር። በእጁ ምልክት እስክሪብቶ ጠየቀኝ።

«ያንብቡት እንጂ ጌታዬ» አልኩት።

ስልኩን ከጆሮው ሸሸት አድርጎ፣ «የኔ እመቤት፣ እኔ ሳላነብ ስፈርም ነው ያረጀሁት» አለና የመጀመሪያውን ገጽ ፈረመ።

«አምስተኛውን ቀን እንኳ ቢያዩት።»

«ባለሙያ የቀጠርኩት እኔ እንዳላይ ነው» ብሎ ሁለተኛውን ፈረመ። ሦስተኛውንም። ከዚያ ወዲያ ትንፍሽ አላልኩም። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይሉ የለ። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ትኬቱ ይቆረጥ ብሎኝ ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ።

ዋሽቼ ምን ይጠቅመኛል። በሩ ሲዘጋ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ወረቀቷ አመለጠችኝ፣ ግን ከወረቀት የበለጠ ነገር እጄ ገባ። ሂድ አልኩት በሆዴ። ሂድና ያቺን አርባ ደቂቃ ቅመሳት፤ እግርህን ስትነካው የሌላ ሰው እግር ሲሆንብህ እይ። እኔ አልገፋሁህ፣ እየው ብዬህ ነበር። ልጅቷንስ ካላችሁኝ፣ አላሰብኳትም። ስሟ ከስሙ በታች ተጽፎ ነበር፤ እኔ የማነበው የላይኛውን መስመር ብቻ ነበር።

በነጋታው ዓርብ ግማሽ ቀን ስለነበርኩ ምሳ ሳይደርስ ቤት ገባሁ። ቤታችን ምድር ላይ ያለ ሁለት ክፍል ነው። የመኝታ ቤቱ በር ዊልቸር ስለማያሳልፍ በሩን ነቅለን መጋረጃ ሰቅለንበታል፤ ደፉ ላይ ሳንቃ አጋድመንበታል፣ እኔ ሁልጊዜ እደናቀፍበታለሁ። ወንድሜ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ የዊልቸሩን ጎማ ሽቦ በመፍቻ ያጠብቅ ነበር።

«ጉማሬ፣ አንጀትህን የሚያርስ ወሬ ይዤልህ መጣሁ» አልኩት። እየሳቅኩ ነው የነገርኩት። ሰዓቶቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩለት። ጠዋት ሁለት፣ አራት ተኩል፣ ስድስት፣ ዘጠኝ። የሚስቅ መስሎኝ ነበር።

መፍቻውን አስቀመጠ። «ከማን ጋር ነው የሚሄደው?»

«ከልጁ ጋር።»

«ከልጁ ጋር» አለ። ቀለሙ ሲጠፋ አየሁት። «እታለም፣ ያቺን ልጅ መጥለቅ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ዐሥር ዓመቷ ነበር። የሆቴሉ ገንዳ ውስጥ። ሃያ አራት ሰዓቱን እንዳትረሳው በዜማ ነው ያስያዝኳት፣ እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ። አባቷ ገንዳው ጫፍ ላይ እግሩን ነክሮ አብሯት ያዜም ነበር።» መፍቻውን መልሶ አነሳና፣ «አብሯት ያዜም ነበር» አለ እንደገና፣ ለራሱ። «ያውቅ ነበራ። እኔም ነግሬዋለሁ። በአፌ ነግሬዋለሁ።»

«አየህ? ታዲያ ይበለው።»

«አሁን ደውይ።»

«ምን ቆርጦኝ።»

«እታለም፣ ደውይ ብዬሻለሁ።»

«እግርህን የወሰደ ሰው ነው!»

«እግሬን የወሰደው እሱ ነው፣ እሷ አይደለችም። አንቺ ደግሞ የሷን ልትወስጂ ነው። ታዲያ አንቺና እሱ በምን ትለያላችሁ? ደወልሽ ደወልሽ፣ ካልደወልሽ ይቺን ወንበር ራሴ እየገፋሁ ቢሮሽ እሄዳለሁ።» ደፉን አይቶ፣ «ሳንቃውንም አቃናዋለሁ» አለ።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ይህን ያህል ቃል ባንድ ትንፋሽ ሲያወጣ ሰምቼው አላውቅም። ቆሽቴ አረረ፣ ደስም አለኝ፤ ሁለቱ ባንድ ላይ እንደሚሆኑ ያን ቀን አወቅኩ። እያጉረመረምኩ ስልኬን አነሳሁ። ግን ተሸነፍኩ ማለት አይደለም። የደወልኩት ለልጅቷ ነው። «ነገ ጠዋት ከአባትሽ ጋር ነይ፤ ትኬት ከመቆረጡ በፊት ፕሮግራሙን ከተጓዦቹ አንዱ ጮክ ብሎ ማንበብ አለበት፣ የቢሯችን ሕግ ነው» አልኳት። እንዲህ ያለ ሕግ ኖሮን አያውቅም።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ መጡ። ልጅቷ ፀጉሯን ከአንገቷ በላይ የተቆረጠች ቀጭን ልጅ ናት፤ ሁለት እጇን ዘርግታ ነው የጨበጠችኝ። ዓይኗን ማየት አልቻልኩም። አባቷ ሰዓቱን እያየ፣ «ይሄ ንባብ ደግሞ ምን የሚሉት ነው» ይላል። እሷ ወረቀቱን ይዛ ጀመረች። አንደኛ ቀን፣ ሁለተኛ ቀን፣ ሦስተኛ ቀን። አምስተኛው ላይ ድምፅዋ ቀስ አለ።

«አባዬ፣ ይሄ ልክ አይደለም።»

«ምኑ?»

«ስድስት ሰዓት ላይ ጠልቀን በዘጠኝ ሰዓት እንዴት እንበራለን?»

ዲስኩር መነጽሩን አደረገ። አነበበ። ፊቱ ሲለዋወጥ፣ አንገቱ በኮሌታው ውስጥ ሲያብጥ አየሁ። ብድግ አለ። ወዲያው ገባኝ፤ ያጣኋት ወረቀት በእግሯ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች።

«ልትገድዪን ነው እንዴ አንቺ ሴትዮ?» አለኝ። ገንዘብ ተቀባይዋም፣ ወንበር ላይ ተራ የሚጠብቁት ደንበኞችም ቀና አሉ። ሰው ሲያይለት የባሰ ነደደ።

«ጌታዬ፣ ይቅርታ፣» አልኩ በለስላሳ ድምፅ፣ «እኔ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ። ውሃ ውስጥ ያለውን ነገር አላውቅም። ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ረጥቤ አላውቅም። እንዲህ የሚባል ሕግ መኖሩን ገና አሁን ነው የሰማሁት።»

የራሱን ቃል እንዳለ ነው የሰጠሁት። አላወቀውም።

«አላውቅም ማለት መልስ ነው?» አለ እጁን እያወናጨፈ። «የሰው ነፍስ ይዞ አላውቅም ይባላል?»

«እርስዎም እኮ ጠላቂ አይደሉም። እንዲህ ያለውን ነገር ከየት ያውቁታል?»

«እኔ?» ወደ ደንበኞቹ ዞረ፤ ዲስኩሩ ጀመረ ማለት ነው። «እኔ ድርጅቴን ከከፈትኩባት ቀን ጀምሮ ነው የማውቀው። ይቺ ልጄ ከዐሥር ዓመቷ ጀምሮ በቃሏ ትለዋለች፣ እኔ ነኝ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ያስጠናኋት። ሥራ አስኪያጁን ጥሪልኝ።»

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል። የሱ ጭንቅላት ያን ቀን ቁልጭ ብሎ ታየ፤ በጽሑፍ ማስቀረት ብቻ ነበር የቀረኝ። ሥራ አስኪያጁ ሮጦ መጣ፣ ሰማ፣ ላቡን ጠረገ፣ እንደ ልማዱም ወረቀትና እስክሪብቶ አቀረበ። «ጌታዬ፣ የነገሩንን ሁሉ በእጅዎ ይጻፉልኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቁትም ይጻፉ፣» አልኩ እኔ፣ «አለበለዚያ ሥራ አስኪያጃችን አያምኑም።»

«እጽፈዋለሁ እንጂ» አለና ጠረጴዛዬ ላይ ተደፋ።

እሱ ሲጽፍ ልጅቷ ወደኔ ጠጋ አለች። አሳዝኛታለሁ። «አይዞሽ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም» አለችኝ። «እኔንም ልጅ ሆኜ ባያስይዙኝ አላውቀውም ነበር። ዜማም አለው።»

«ማን ነው ያስያዘሽ?»

«ጉማሬ የሚሉት አስተማሪ ነበረኝ። በጣም ጎበዝ። አሁን የት እንዳለ አላውቅም፤ አባዬ አገር ለቆ ሄዷል ብሎኛል።»

መሳቢያዬን ከፈትኩ። ትክክለኛውን ፕሮግራም አወጣሁና ጀርባው ላይ የቤታችንን ስልክ ጻፍኩ። «መጓዝ ከፈለጋችሁ ትክክለኛው ይኼ ነው» አልኳት ቀስ ብዬ። «ጀርባው ላይ ያለው ደግሞ የጉማሬ ስልክ ነው። አገር አልለቀቀም።» ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ አባቷን አየችው።

ከሰዓት በፊት ተባረርኩ። ሥራ አስኪያጁ ስንብቱን ሲሰጠኝ ቀና ብሎ አላየኝም። «እሾህ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ያለ ስህተት ሠርተሽ አታውቂም፤ ምን ነካሽ?» አለኝ። ወረቀቶቹን አገላበጥኩ። የዲስኩር ደብዳቤ ከነቀኑ ከነፊርማው ተያይዟል።

«አለቃ፣ ማኅተሙ ደብዝዟል። ደግመው ይምቱልኝ።»

እንደ ዕብድ አየኝ፣ ግን መታልኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔም ያቺን ወረቀት ደረቴ ላይ ይዤ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ሄድኩ፣ ወንበር እያለ።

ጉዞው ቀረ። ልጅቷ እምቢ አለች፤ ያን ቀን ማታውኑ ደውላ ከወንድሜ ጋር አንድ ሰዓት ሙሉ አወራች። እኔ ኩሽና ውስጥ ሆኜ ሰሃን አጥቤ ጨርሼ እንደገና አጠብኩ።

ኮሚቴው ከአምስት ሳምንት በኋላ ተቀመጠ፣ ሦስት ዓመቱ ሊሞላ ዐሥራ አንድ ቀን ሲቀረው። ያው አዳራሽ፣ ያው ረጅም ጠረጴዛ። ዲስኩር ከፊት፣ እኔ ከጀርባው፤ ወንድሜ በዊልቸሩ ከጎኔ። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ የሚያወርዱ ሴትዮ ናቸው። ወረቀቷን አቀበሉትና «ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት? እስቲ ያንብቡልን» አሉት።

«መነጽሬን ረስቻለሁ» አለ።

ከኋላ ወንበር ልጁ ተነሳች። መምጣቷን አላወቀም ነበር። በመቀመጫዎቹ መሃል አልፋ መነጽሩን ከቦርሳዋ አውጥታ ፊቱ አስቀመጠችለት። «አንብበው አባዬ» አለችና ተመልሳ ወንድሜ አጠገብ ተቀመጠች።

አነበበ። ዕድሜ ልኩን ንግግር ያደረገ ሰው እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ እየቆጠረ ነበር የሚያነበው።

«ይድረስ ለሥራ አስኪያጁ። ሠራተኛችሁ እኔንና ልጄን ልትገድለን ነበር። ሰው ከጠለቀ በኋላ ሃያ አራት ሰዓት ሳይሞላው እንደማይበር እኔ ጠላቂ ሳልሆን እንኳ ድርጅቴን ከከፈትኩባት ቀን ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ልጄም ከዐሥር ዓመቷ ጀምሮ በቃሏ ታውቀዋለች። ሳያውቅ ሰው አውሮፕላን ላይ የሚያሳፍር ከወንበሩ ይነሳ። እያወቀ የሚያሳፍር ግን» እዚህ ላይ ቆመ።

«ይቀጥሉ» አሉ ሰብሳቢዋ።

«እያወቀ የሚያሳፍር ግን ነፍሰ ገዳይ ነው።»

ዲስኩር ቃል አጣ። «በቁጣ የጻፍኩት ነው» አለ በመጨረሻ፤ ሰብሳቢዋ ወረቀቷን ተቀብለው ፋይሉ ላይ አያያዟት። ከዚያ ዞር አለ። መጀመሪያ እኔን አየኝ፤ የጉዞ ቢሮዋ ሴትዮ መሆኔን አወቀ። ቀጥሎ ወንድሜን፣ ቀጥሎ ዊልቸሩን፣ ቀጥሎ አጠገቡ የተቀመጠችውን ልጁን አየ። ነገሩ ሁሉ ሲገባው ፊቱ ላይ አነበብኩት። እኔም ዓይኔን ከሱ አልነቀልኩም። ያቺን ሰዓት ነበር የምፈልገው፤ አግኝቻታለሁ፣ እና ጣፋጭ ነበረች።

«በራሱ ጥፋት» የሚለው ተሰረዘ፣ የወንድሜ ፈቃድ ተመለሰ፣ የሰውዬው ፋይል ወደ ዓቃቤ ሕግ ተላከ። ልጅቷ ወንድሜን ግንባሩን ስማው ብቻዋን ወጣች። አባቷ ሊከተላት ሲል እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ አቆመችው። እኔ ካሰብኩለት ቅጣት ሁሉ ያቺ የባሰች ይመስለኛል።

ኮሪደሩ ላይ አሳንሰር እየጠበቅን ወንድሜ ፈቃዱን ጭኑ ላይ አድርጎ በመዳፉ ያስተካክለዋል።

«እታለም፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ዓርብ ብቻውን ነው የሚሄደው ብትይኝ ኖሮና እኔ ይሂድ ብልሽ፣ ትተዪው ነበር?»

እሱን ዋሽቼው አላውቅም። «አዎ» አልኩት። «ይሂድ ባትለኝም እተወው ነበር።»

ራሱን ነቀነቀ። «አውቃለሁ» አለ። «ያሳደግሽኝ አንቺ አይደለሽ? ለዚህ ነው ከማን ጋር ብዬ ቶሎ የጠየቅኩሽ፤ ማንም ይሁን፣ አንድ ሰው አብሮት ይኑር ብዬ እየለመንኩ ነበር። እሱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ እኔም እንዳላስቆምሽ ፈርቼ።»

እጄን ትከሻው ላይ አድርጌ ቆምኩ፤ የኔ ነገር እሱም ውስጥ እንዳለ እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር። አሳንሰሩ መጣና በሩ ተከፈተ።

«ግፊ እንግዲህ» አለኝ፣ «ሳይሄድብን።»